ባቡሩ ጢም ብሎ፣ ተሳፋሪው ግን ቀንሶ፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጠዋትና ማታ ጢም ብሎ ነው የሚሄደው። በሩ በሰው ትከሻ ተይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ያልቻለው መድረኩ ላይ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው «ባቡሩ ገበያው ደርቷል» ቢል አይፈረድበትም። በቀን የሚያጓጉዘው ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከነበረው በእጅጉ ወርዷል። ባቡሩ እየሞላ ተሳፋሪው እንዴት ይቀንሳል? ጉዳዩ የሚመዘገበው ለዚህ ጥያቄ ሲባል ነው። መልሱ ለአውቶቡስም፣ ለሚኒባስም፣ ሌላ ከተማ ለሚታቀድ ባቡርም ይሠራል።

ዳራ

ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የምሥራቅ ምዕራቡ ጥቅምት 29 ተከተለ። የግንባታው ወጪ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። ባቡሮቹም የተሠሩት ቻይና ነው፤ ቁጥራቸው 41።

አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአውቶቡስ ተራ፣ በአብነትና በልደታ አድርጎ ወደ ሳሪስና ቃሊቲ ይወርዳል። ሌላው ከአያት በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በሃያ ሁለት በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። እያንዳንዱ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 22 ጣቢያም አለው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት አምስት ጣቢያዎች የጋራ ናቸው፤ አጠቃላይ ቁጥሩ 39 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በጣቢያና በጣቢያ መካከል በአማካይ 800 ሜትር ገደማ ይገኛል።

የመነሻ ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከሚኒባስ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነበር፣ በተለይ ለረጅም መንገደኛ። ሐዲዱ ከመኪና መንገድ በአጥር የተለየ ስለሆነ የመገናኛ መጨናነቅ አይነካውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ከ100 ሺህ በላይ ሰው ያጓጉዝ ነበር።

ችግሩ እንዴት መጣ

ባቡር እንደ መኪና በአንድ ቀን ተበላሽቶ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ያልቃል። ከሚያልቁት ዋነኛው የብረት ጎማው ነው። ጎማው በሐዲዱ ጠርዝ በተለይም በጠባብ ኩርባ ላይ እየተፋተገ ይሳሳል። በየጊዜው ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ላይ ወጥቶ ቅርጹ ይስተካከላል፤ ይህም የሚቻለው ውፍረቱ ከዝቅተኛው ወሰን እስካልወረደ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ አዲስ ጎማ መግጠም ብቻ ነው። የፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔቱ፣ ከላይ ካለው ሽቦ ኃይል የሚቀበለው ክንድ፣ የበሩ ሞተርና የኤሌክትሮኒክስ ካርዶቹም እንዲሁ ዕድሜ አላቸው። አብዛኛው የሚታዘዘው ከሠሪው ሲሆን ክፍያውም በዶላር ነው፤ አገር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ገቢው ደግሞ በብር ነበር፣ ያውም በሁለትና በአራት ብር። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሲከፋ መለዋወጫው ዘገየ፤ ጎማቸው ያለቀ ባቡሮችም ዴፖ (የባቡር ማደሪያና መጠገኛ) ውስጥ ተራ በተራ ቆሙ። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከ41ዱ በየቀኑ መንገድ ላይ የሚውሉት ከ10 ያነሱ መሆናቸው በይፋ ተነገረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ባቡር ስላነሰ ተሳፋሪ አነሰ» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሳፋሪው ቁጥር በባቡሩ ቁጥር ልክ ብቻ አይደለም የሚወርደው።

የደቂቃው ሂሳብ

የሚከተለው የወረቀት ስሌት ነው፤ ቁጥሮቹ ክብ ተደርገዋል። መቆሚያው ተጨምሮ የባቡሩ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። 17 ኪሎ ሜትሩን በ51 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ደርሶ መልስ 102 ደቂቃ። በየጫፉ ለመዞርና ለአሽከርካሪው እረፍት 9 ደቂቃ ሲጨመር አንድ ዙር 120 ደቂቃ ይሆናል።

ከ41 ባቡር አምስቱ ለጥገናና ለመጠባበቂያ ቢቀሩ 36 ይወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ መስመር 18። 120 ለ18 ሲካፈል ባቡር በየ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይመጣል ማለት ነው። በመስመሩ የቀሩት አራት ብቻ ከሆኑ ግን 120 ለ4 ተካፍሎ 30 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱ መስመሮች በሚጋሩት ክፍል ላይ የቆመ ተሳፋሪ በአጋጣሚ ይጠቀማል፦ ከሜክሲኮ ስታዲየም የሚሄድ ሰው የሁለቱንም ባቡር ስለሚይዝ የሚጠብቀው ግማሹን ነው። የጋራው መስመር መጥፎ ጎኑ፣ አንድ ባቡር እዚያ ላይ ከቆመ ከኋላው ከሁለቱም መስመሮች የሚመጣው ሁሉ ይታገዳል።

አሁን አያት ተሳፍራ ሜክሲኮ የምትወርድ ሠራተኛ እናስብ። ባቡሩ ላይ የምትቆየው 40 ደቂቃ ያህል ነው። በትራንስፖርት ጥናት ቆሞ የመጠበቅ አንድ ደቂቃ ተሳፍሮ ከመሄድ ሁለት ደቂቃ ጋር ይመዘናል፤ ፀሐይ፣ ዝናብና «ይመጣ ይሆን?» የሚለው ስጋት ተደምረው ማለት ነው።

ባቡሩ በየ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ ሲመጣ በአማካይ የምትጠብቀው 3 ደቂቃ ከምናምን ነው። በእጥፍ ሲመዘን 7 ገደማ፣ ከጉዞው ጋር 47። በየ30 ደቂቃ ሲመጣ 15 ትጠብቃለች፤ ክብደቱ 30 ሲሆን ድምሩ 70 ይደርሳል። ሚኒባስ ብትመርጥስ? አያት ላይ 10 ደቂቃ ሰልፍ፣ መገናኛ ወርዳ ሌላ 10 ደቂቃ፣ ክብደቱ 40፤ በመጨናነቁ ውስጥ ደግሞ 50 ደቂቃ ጉዞ። ድምሩ 90።

ልብ ይበሉ፦ በየ30 ደቂቃ እየመጣም ባቡሩ ያሸንፋል። 70 ከ90 ይሻላል። ታዲያ ለምን ትተወዋለች?

የመጀመሪያው ባቡር ሞልቶ ስለሚያልፋት ነው። መድረኩ ላይ ከቀረች ሌላ 30 ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ክብደቱ 60 ስለሆነ ድምሩ ከ70 ወደ 130 ይዘላል። በሳምንት ከአምስቱ ጠዋት ሁለቱን እንዲህ ከሆነባት ለሥራ መግቢያዋ ባቡሩን ማመን አትችልም። ሰው መንገዱን የሚመርጠው በአማካዩ ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት ያለበት ሁሉ የሚያስበው የከፋውን ነው። ተሳፋሪውን ያሸሸው፣ በእኛ ግምት፣ ከመጠበቁ ይልቅ መቅረቱ ነው። ለዚህ ነው የሞላ ባቡርና የቀነሰ ተሳፋሪ አብረው የሚታዩት።

ከአቅም አንጻርም ይታይ። አንድ ባቡር ተጨናንቆ 280 ሰው ይይዛል ብለን ብንነሳ፣ በሰዓት 9 ባቡር ወደ 2,500 ሰው በአንድ አቅጣጫ ይወስዳል። በሰዓት ሁለት ባቡር ግን 560 ብቻ። 560 ሰው ማለት 12 ሰው የሚጭኑ 47 ሚኒባሶች ናቸው። በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ ሚኒባስ ለመቁጠር የቆመ ሰው 47 ለመሙላት ብዙ አይፈጅበትም።

ዋጋው ርካሽ ነበር፤ አልበቃም

የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲታሰብ ተደረገ። በዚያው ዘመን የሚኒባስ ታሪፍ በተደጋጋሚ ከፍ ብሏል። በዚያ ላይ ማታ ማታ ታክሲው መንገድ ይቆርጣል፦ ከሜክሲኮ መገናኛ በአንድ ታሪፍ መጫን ሲገባው እስከ መስቀል አደባባይ ብቻ ጭኖ ያወርድና ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ታፔላ ቢለጠፍም፣ ተቆጣጣሪ ቢቆምም ልማዱ አልጠፋም። ባቡሩ ግን ለረጅም ጊዜ በመነሻ ዋጋው ቆየ።

ስለዚህ የዋጋ ልዩነቱ ለባቡሩ እያደላ በሄደበት ጊዜ የባቡሩ ተሳፋሪ ቀነሰ። ይህ ብቻውን ብዙ ያስተምራል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመዝናሉ፦ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር በአጭር ጊዜ 3 በመቶ ገደማ ተሳፋሪ ይቀንሳል፤ ምልልስ (በሰዓት የሚመጣው የባቡር ወይም የአውቶቡስ ብዛት) 10 በመቶ ሲቀንስ የሚሄደው ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ምልልስ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይህ ቀመርም አይሠራም፤ ያኔ ተሳፋሪው ባቡሩን ከምርጫው ጭራሽ ያወጣዋል።

ዝቅተኛው ዋጋ ሌላ መዘዝ ነበረው። 280 ሰው እያንዳንዱ 4 ብር ከፍሎ ቢገባ 1,120 ብር ነው። በዚህ ገቢ በዶላር የሚገዛ ጎማ መተካት አይታሰብም። ድሃው ተሳፋሪ እንዲጠቀም ተብሎ ዋጋው ዝቅ አለ፤ ልዩነቱን የሚሸፍን ቋሚ የጥገና በጀት ስላልተያዘ ግን ዋጋው የኪስ ጥቅም ሆኖ አገልግሎቱ ከእጅ ወጣ። ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ አልነበረም ስህተቱ። የልዩነቱ ከፋይ አለመታወቁ ነው።

ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ

በካርታ ላይ 400 ሜትር የሆነ ርቀት በእግር 700 ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ በመንገዱ መሃል በአጥር ተከልሎ ስለሚያልፍ ማዶውን ለመድረስ መሻገሪያ መፈለግ ግድ ነው። ከፍ ባሉት ጣቢያዎች ደግሞ ደረጃ አለ። አሳንሰርና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲቆም ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ ዊልቸር ተጠቃሚና ከመርካቶ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ የያዘች ነጋዴ ከተሳፋሪነት ይወጣሉ። የነጋዴዋ ነገር በተለይ ያሳስባል፤ አውቶቡስ ተራና ሰባተኛ አካባቢ ያለው ጉዞ ቀኑን ሙሉ የተበተነ ስለሆነ፣ ጠዋትና ማታ ሞልቶ ቀትር ላይ ለሚቀለው ባቡር ምርጡ ደንበኛ እሷ ነበረች።

ሁለተኛው ነገር ጫፎቹ ናቸው። መስመሩ አያትና ቃሊቲ ላይ ያበቃል። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የሰፈረው ሕዝብ ግን ከዚያ ማዶ ነው፦ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሃይገር ወይም ሚኒባስ ይይዛል። አንዴ ከተቀመጠ፣ መኪናው ወደ መሃል ከተማ የሚቀጥል ከሆነ ባቡር ለመያዝ ለምን ይወርዳል? የታክሲው መስመር ከባቡሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ ባቡሩን የሚመግብ ሆኖ አልተዘረጋም። ቲኬቱም የተለየ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ሁለት ጊዜ መሰለፍ አለ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ጠዋትና ማታ በነፃ የሚያመላልሱት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች አሉ። ለሠራተኛው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የባቡሩን ተሳፋሪ ሲተነትኑ ግን ቋሚ ሰዓት ያለው ደንበኛ በሌላ በር መውጣቱን አለመርሳት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎችና ውጤታቸው

መጀመሪያ ላይ አሠራሩና ጥገናው በቻይና ኩባንያዎች የአስተዳደር ውል ተያዘ፤ ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎችና ቴክኒሻኖች ሠለጠኑ። ይህ ሠርቷል። ባቡሩን የሚነዳ፣ መስመሩን የሚቆጣጠር፣ ዕለታዊ ጥገና የሚሠራ የአገር ልጅ አለ። ያልተሻገረው የአቅርቦቱ ሰንሰለት ነው፤ ቴክኒሻኑ ጎማው ማለቁን ለክቶ ያውቃል፣ የሚተካበት የለውም።

መለዋወጫ በሌለበት የትኛውም ዴፖ የሚገባበት መውጫ ከቆመው ነቅሎ ለሚሄደው መግጠም ነው። ለሳምንታት ይረዳል። ችግሩ፣ በአንድ ዕቃ ብቻ የቆመ ባቡር በሦስት ወር ውስጥ 20 ዕቃ የጎደለው ቀፎ ይሆናል። የተነቀለው ከየትኛው ባቡር፣ መቼ፣ ለየትኛው እንደሆነ ካልተመዘገበ ደግሞ መለዋወጫው ሲመጣ ምን ያህል መታዘዝ እንደነበረበት የሚያውቅ አይገኝም።

ከተማው በሌላ በኩል የአውቶቡስ ቁጥር ጨመረ፤ ሸገር ከአንበሳ ጎን ተሰለፈ። ይህ የከተማውን አጠቃላይ ተሳፋሪ ረድቷል፣ ባቡሩን ግን አይደለም። የተጨመረው አውቶቡስ ሐዲዱን ተከትሎ ከሄደ የባቡሩን ሰው ይካፈላል። በአያት ጫፍ ላይ ከአራብሳ የሚያመጣ ከሆነ ግን ባቡሩን ይሞላል። አንዱ አውቶቡስ እንደተመደበበት መስመር ተፎካካሪም አጋዥም ይሆናል።

ሌላ ከተማ ከዚህ ምን ይወስዳል

የግዢ ውል ሲፈረም ባቡሩ ወይም አውቶቡሱ ብቻ አይገዛ። የአምስት ዓመት የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ማለትም ጎማ፣ ሸራ፣ ኩሽኔት፣ ካርድ፣ ከብድሩ ውስጥ ይካተቱ፤ በዶላር የሚታዘዘው ዶላሩ ባለበት ቀን ይታዘዝ። 41 ባቡር ገዝቶ መለዋወጫ ከሌለው ከተማ ይልቅ፣ 30 ባቡር ከነመለዋወጫው የገዛ ከተማ ብዙ ሰው ያጓጉዛል።

ባቡር ሲያንስ አራቱን በ17 ኪሎ ሜትር ላይ ከመበተን፣ በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ብዙ ሰው ያለበትን አጭር ክፍል ብቻ ማመላለስ ይሻላል። ለምሳሌ የአንድ ዙር ጊዜ ከ120 ወደ 60 ደቂቃ ቢወርድ በዚያው አራት ባቡር ልዩነቱ 15 ደቂቃ ይሆናል። ጫፍ ላይ ያለው ሰው ይጎዳል፤ ለእሱ አውቶቡስ መመደብ ግድ ነው። ይህ በፖለቲካ ከባድ ውሳኔ ነው። ሐዲዱ የማዞሪያ ቦታ ከሌለውም አይሠራም፤ ማዞሪያው በግንባታ ጊዜ መታሰብ አለበት።

ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ደግሞ «በቀን የተጓጓዘ ሰው» ብቻ አይሁን። የተሸጠ ቲኬት ቁጥር የተሳፈረውን ያሳያል፤ ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲ የሄደውን አያሳይም።

ልኬቱ

ቆጠራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ሰው ወረቀትና ሰዓት ይዞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንድ ጣቢያ ላይ ይቁም። አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ባቡሩ የደረሰበት ደቂቃ፣ የወረደ ሰው፣ የተሳፈረ ሰው፣ በሩ ሲዘጋ መድረኩ ላይ የቀረ ሰው። አራተኛው ዓምድ ዋናው ነው። ሁለተኛ ሰው ደግሞ ጣቢያው መውጫ ላይ ሆኖ ሳይሳፈር የተመለሰውን ይቆጥራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይበቃል፤ ሰኞና ዓርብ የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ለብቻ ይያዙ።

የመጠበቂያውን አማካይ ሲያወጡ አንድ ስህተት ይደጋገማል። በ20 ደቂቃ ሁለት ባቡር ከመጣ «በየ10 ደቂቃ ይመጣል፣ ስለዚህ ሰው 5 ደቂቃ ይጠብቃል» ይባላል። ሁለቱ ተከታትለው መጥተው ልዩነቱ አንዴ 2፣ አንዴ 18 ደቂቃ ከሆነ ግን አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚደርሰው በ18ቱ ደቂቃ ውስጥ ነው። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዝቶ መደመር፣ ከዚያ ለልዩነቶቹ ድምር እጥፍ ማካፈል ነው፦ 2 በ2 አራት፣ 18 በ18 ሦስት መቶ ሃያ አራት፣ ድምሩ 328፤ ለ40 ሲካፈል 8.2 ደቂቃ። የባቡሩ ቁጥር ሳይቀየር፣ ሰዓት ባለመጠበቅ ብቻ ከ5 ወደ 8.2። ይህንን ለማስተካከል መለዋወጫም ዶላርም አያስፈልግም፤ ጫፍ ጣቢያው ላይ የመነሻውን ሰዓት የሚያስከብር አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው።